የምትፈራ ጥንቸልን መያዝ፣ ማንሳትና ማጓጓዝ፦ ደረጃ በደረጃ የቀረበ መመሪያ

ጥንቸል የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች ይህን ሥራ የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው። ጥንቸሏ ቤት በገባችበት ቀን ያነሷታል፤ ስትንፈራገጥ አጥብቀው ይይዟታል፤ ስትቧጭራቸው ይለቋታል፤ በማግስቱ ሲቀርቧት ሮጣ አልጋ ሥር ትገባለች። ይህ ሲደጋገም ጥንቸሏ ሰው እንደማትወድ ይቆጠራል፤ ችግሩ ያለው ግን በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጥንቸል በአውሬና በአሞራ የምትታደን እንስሳ ስለሆነች፣ እግሯ ከመሬት ሲነሳ ሰውነቷ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም መያዟን። በዚህ ምክንያት በዚህ መመሪያ ማንሳት የሚመጣው በ6ኛው ደረጃ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሥራ ሁሉ ወለል ላይ ይሠራል፤ አብዛኛው ዝውውርም ጥንቸሏ በራሷ እግር ሳጥን ውስጥ እንድትገባ በማድረግ ጨርሶ ሳትነሳ ሊከናወን ይችላል።

አስቀድመው ሊያውቋቸው የሚገቡ አደጋዎች

የጥንቸል አጥንት ከጠቅላላ ክብደቷ ከ7 እስከ 8 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ የድመት ከ12 እስከ 13 በመቶ ይደርሳል። በዚህ ስስ አጥንት ላይ የተያያዙት የኋላ እግር ጡንቻዎች ግን እጅግ ብርቱ ናቸው። የኋላ ክፍሏ ሳይደገፍ ተንጠልጥላ ስትንፈራገጥ የገዛ ጡንቻዋ ኃይል የታችኛውን የጀርባ አጥንቷን ሊሰብርና የኋላ እግሮቿን ለዘለቄታው ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ከዚህ በታች «መቀመጫዋን ይደግፉ» የሚለው ትእዛዝ በተደጋጋሚ የሚመጣው ለዚህ ነው።

በጆሮዋ ፈጽሞ አያንሷት። በገበያና በእርባታ ስፍራ ይህ ሲደረግ ይታያል፤ ሆኖም ጆሮ በደም ሥርና በነርቭ የተሞላ ስስ አካል እንጂ መያዣ አይደለም። የማጅራቷን ቆዳ ይዘው አያንጠልጥሏትም። በጀርባዋ አስተኝተው «ደነዘዘች፣ ተረጋጋች» ብለው አይደሰቱ፤ ያ መደንዘዝ የተያዘ እንስሳ ከሞት ለማምለጥ የሚጠቀምበት የመጨረሻ መከላከያ ነው፤ በውስጧ ያለው ከፍተኛ ፍርሃት ነው። ለፎቶግራፍ ሲባል በጀርባዋ ማስተኛትን እንደ ጭካኔ እቆጥረዋለሁ።

በቅድሚያ ጤናዋን ያረጋግጡ

የሚያማት ጥንቸል ምንም ዓይነት ሥልጠና አይቀይራትም። ቀደም ሲል መነካትን ትቀበል የነበረች ጥንቸል በድንገት ከተለወጠች፣ ምግብ ከቀነሰች፣ አገጯ በምራቅ ከረጠበ፣ ጥርሷን ጮክ አድርጋ ካፋጨች ወይም የኋላ እግሮቿ መዳፍ ተልጦ ከቆሰለ፣ ሥልጠናውን ትተው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዷት። በቀዶ ሕክምና እንዳትወልድ ያልተደረገች ሴት ጥንቸል ፀጉሯን እየነጨች ጎጆ መሥራት ከጀመረችም ያቁሙ፤ እርጉዝ ልትሆን ትችላለች፣ ወይም ከ16 እስከ 18 ቀናት የሚቆይ የሐሰት እርግዝና ይዟት ይሆናል። በዚያ ጊዜ እጅ ሲቀርባት መናከሷ የሚጠበቅ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር የለም። ሁለት ወፍራም ፎጣዎች፣ ወለሉ እንዳያንሸራትታት የሚነጠፍ ምንጣፍ፣ ድርቆሽ፣ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ የካሮት ቁራሽ ወይም ጥቂት የድንብላል፣ የበሶብላ ወይም የፐርሰሜሎ ቅጠል፣ እንዲሁም የማጓጓዣ ሳጥን ያዘጋጁ።

በሳጥኑ ምርጫ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ጥንቸሏ ዞራ ልትመለስና ተዘርግታ ልትተኛ የምትችልበት፣ ነገር ግን መኪና ሲታጠፍ ከጎን ወደ ጎን እስክትወረወር ድረስ ያልሰፋ መሆን አለበት። ከፊትም ከላይም የሚከፈት ጠንካራ የፕላስቲክ ሳጥን ከሁሉ ይሻላል፤ ከፊት ራሷ ትገባለች፣ ሐኪሙ ደግሞ ሳይጎትታት ከላይ ያወጣታል። ለዚሁ የተሠራ ሳጥን ካላገኙ፣ በየጎኑ የአየር ቀዳዳ ያለውና ክዳኑ በደንብ የሚታሰር የፕላስቲክ ቅርጫት ይበቃል። ካርቶን ግን በሽንት ይላቀቃል፣ በጥርሷም ቀዳ ትወጣለች፤ ከአጭር መንገድ ላለፈ ጉዞ አይመኩበት።

ምልክቶቿን ማንበብ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ይህን ክፍል በጥንቃቄ ያንብቡ። የተረጋጋች ጥንቸል ጎኗን ጥላ ወይም የኋላ እግሮቿን ዘርግታ ትተኛለች፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ መደባበስ ትጠይቃለች፤ ስትደባበስም ጥርሷን በቀስታ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ ታፋጫለች። የፈራች ጥንቸል ሰውነቷን ሰብስባ ወለሉ ላይ ትለጠፋለች፤ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ታጣብቃለች፤ ዓይኗ ከመፍጠጡ የተነሳ ነጩ ይታያል፤ የኋላ እግሯን ወለሉ ላይ በኃይል ትደበድባለች። ያኮረፈች ወይም የተቆጣች ከሆነ ታጉረመርማለች፣ በፊት እግሮቿም ትማታለች።

ከእነዚህ ሁሉ አታላዩ ምልክት ደርቆ መቅረት ነው። እጅዎ ሲያርፍባት ምንም ሳትንቀሳቀስ፣ የአፍንጫዋ እንቅስቃሴ እንኳ ቆሞ ከታየ፣ «ዛሬ ለመደችኝ» አይበሉ። ፈርታ ደርቃለች፤ እጅዎን አንስተው ወደ ኋላ ይበሉ።

1ኛ ደረጃ፦ ቦታውንና ሰዓቱን ያስተካክሉ

ጥንቸል ንቁ የምትሆነው ጎህ ሲቀድና ፀሐይ ስትጠልቅ ስለሆነ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ወይም ከምሽቱ 12 ሰዓት አካባቢ ያለውን ጊዜ ይምረጡ። እኩለ ቀን ላይ ከእንቅልፏ ቀስቅሰው አያሠለጥኗት። ቦታው ጠባብ፣ ጸጥ ያለና አልጋ ወይም ቁም ሣጥን ሥር የምትሸሸግበት ክፍተት የሌለው ክፍል ይሁን። ይሁን እንጂ መሸሸጊያ ጨርሶ አይንፈጓት፤ ሁለት በር ያለው ካርቶን አስቀምጡላትና ስትፈልግ ትግባ። ሁለተኛው በር ማምለጫ እንዳላት እንዲሰማት ስለሚያደርግ ቶሎ ትወጣለች።

በግቢው ውሻ ካለ ከእሱ ጋር ከተጫወቱ በኋላ እጅዎን ሳይታጠቡና ልብስ ሳይቀይሩ አይቅረቧት። ዕጣን በሚጨስበት ወይም ሽቶ በተረጨበት ክፍልም አይሥሩ፤ የመተንፈሻ አካሏ ለጭስና ለጠንካራ ሽታ በቀላሉ ይቆጣል። የቡሄ ጅራፍ በሚጮኽባቸው ቀናትና በበዓል ርችት ሰሞን አዲስ ደረጃ አይጀምሩ፤ የለመደችውን ብቻ እያስደጋገሙ ይቆዩ።

2ኛ ደረጃ፦ ሳጥኑን የቤቷ አካል ያድርጉት

ሳጥኑ ከቁም ሣጥን ላይ ወርዶ የሚታየው ሐኪም ቤት በሚኬድበት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ጥንቸሏ ሳጥኑን ባየች ቁጥር ትሸሻለች። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በሩን ከፍተው ወይም ነቅለው መኖሪያዋ ውስጥ ያስቀምጡት። የተጠቀመችበትን ፎጣ ያንጥፉበት፣ ድርቆሽ ያስገቡበት። በየቀኑ ከቅጠሎቿ የተወሰነውን በመጀመሪያ በሩ ላይ፣ በቀጣዮቹ ቀናት እየራቀ ወደ ውስጥ፣ በመጨረሻም ከሳጥኑ ጥግ ያስቀምጡላት። አይግፏት፣ በሩንም ገና አይዝጉ። በራሷ ፈቃድ ገብታ ውስጥ ተኝታ ካገኟት ይህ ደረጃ ተጠናቋል፤ የሚቀጥሉትን ደረጃዎች ጎን ለጎን መሥራት ይችላሉ።

3ኛ ደረጃ፦ ወለል ላይ ተቀምጠው ምንም አያድርጉ

ይህ ደረጃ ቀላል ስለሚመስል ይዘለላል፤ ያለዚህ ግን የሚቀጥሉት አይሠሩም። ወለሉ ላይ ይቀመጡ ወይም በሆድዎ ይተኙ፤ መጽሐፍ ያንብቡ። አይጥሯት፣ እጅዎን አይዘርጉ፣ ዓይንዎንም አይትከሉባት፤ ትክ ብሎ የሚያያት ፍጡር በእሷ ዘንድ አዳኝ ነው። ቀርባ ስታሸትዎ፣ ልብስዎን በጥርሷ ስትጎትት ወይም እግርዎ ላይ ስትወጣ ዝም ብለው ይቆዩ። በቀን ሁለት ጊዜ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። አንዳንዷ በቀናት ውስጥ ትቀርባለች፤ ቀድሞ ክፉ አያያዝ የደረሰባት ግን ሳምንታት ልትወስድ ትችላለች፤ ጊዜውን የምትወስነው እሷ ናት።

4ኛ ደረጃ፦ ከእጅ ማብላትና መንካት

ቅጠሉን በእጅዎ ይዘው ወለሉ ላይ ያሳርፉ። ከእጅዎ መብላት ስትጀምር ሌላኛውን እጅዎን በጎኗ በኩል፣ ዝቅ አድርገው ያቅርቡ። ጥንቸል ዓይኖቿ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያዋን ከሞላ ጎደል ታያለች፤ ከአፍንጫዋ ፊት ለፊትና ከአገጯ ሥር ያለውን ግን አታይም። በቀጥታ ወደ አፍንጫዋ የተዘረጋ ጣት ስለሚያስደነግጣት ትነክሳለች፤ ከላይ የሚወርድ እጅ ደግሞ አሞራ ይመስላታል።

በመጀመሪያ ግንባሯን፣ ቀጥሎም የጆሮዎቿን ሥር በሁለት ጣት ይደባብሱ። ሁለት ሦስት ጊዜ ዳብሰው እጅዎን ያንሱና ይጠብቁ። ራሷን ዝቅ ካደረገች ወይም ወደ እጅዎ ከተጠጋች ይቀጥሉ፤ ከሸሸች ይተዉ። «በቃኝ» ስትል የሚሰማት ሰው እንዳለ ካወቀች ፍርሃቷ ይቀንሳል፤ በዚህ መመሪያ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውሱ ከሆነ ይህንን ያስታውሱ። ሆዷን፣ አገጯን፣ ጅራቷንና እግሮቿን አሁን አይንኩ። ትከሻዋንና ጀርባዋን እስከ መቀመጫዋ ድረስ ሳትሸሽ ስትቀበል ወደሚቀጥለው ይለፉ።

5ኛ ደረጃ፦ ሳያነሱ የማንሳትን አያያዝ ማለማመድ

እዚህ ላይ እጆችዎ ለማንሳት የሚያደርጉትን ሁሉ ያደርጋሉ፤ እግሮቿ ግን ከወለሉ አይለቁም።

ሀ) እየበላች ሳለ አንዱን እጅዎን በጎኗ በኩል አስገብተው መዳፍዎን ከደረቷ ሥር፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ ያሳርፉ። አንድ ሰከንድ ቆይተው ያውጡ፤ ቅጠል ይስጧት።

ለ) ይህን ስትቀበል ሁለተኛውን እጅዎን መቀመጫዋ ላይ ያሳርፉና ከኋላ እግሮቿ ሥር በቀስታ ይጠቅልሉት። ቆይታውን ቀስ በቀስ ወደ 5 ሰከንድ ያሳድጉ።

ሐ) ሁለቱም እጆችዎ ካሉበት ሳይነሱ ከሥሯ ወደ ላይ ጥቂት ይግፉ፤ ክብደቷ በመዳፍዎ ላይ እንዲያርፍ ያህል ብቻ።

መ) በመጨረሻም ተንበርክከው ደረትዎን ወደ ጎኗ ያስጠጉ፤ ሲነሱ የምትደገፍበት ገላዎ እሱ ነውና።

በየትኛውም ንዑስ ደረጃ ላይ ሁለት ጊዜ ተከታትላ ከሸሸች ወደ ቀዳሚው ይመለሱ። አንዱ ልምምድ ከ5 ደቂቃ አይብለጥ፤ ጥሩ ባደረገችበት ቅጽበት ያቁሙ እንጂ እስክትሰለች አይቀጥሉ።

6ኛ ደረጃ፦ ማንሳትና ማስቀመጥ

1. ወለል ላይ ተቀምጠው ወይም ተንበርክከው ይጀምሩ። ቆመው አያንሷት፤ ከወገብ ከፍታ ላይ መውደቅ አጥንት ለመስበር ይበቃል።

2. አንዱ እጅ ከደረቷ ሥር፣ ሌላው ከመቀመጫዋ ሥር ሆኖ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያንሱ። ደረቷ ቀድሞ ከተነሳ የኋላ እግሮቿ ይንጠለጠላሉ፤ መንፈራገጥም ይጀምራል።

3. ወዲያውኑ ወደ ደረትዎ ያስጠጓት። አራቱም እግሮቿ ገላዎን ወይም ክንድዎን መንካት አለባቸው። ራሷን በክርንዎ እጥፋት ውስጥ መደበቅ ከፈለገች ይፍቀዱላት፤ ዓይኗ ሲሸፈን ብዙ ጊዜ ትረጋጋለች።

4. አያጥብቋት፣ አያላሏትም። እስትንፋሷ እንዳይታፈን፣ ሆኖም በገላዎና በክንድዎ መካከል ክፍተት እንዳይኖር አድርገው ይያዙ።

5. በመጀመሪያዎቹ ልምምዶች ከ2 ወይም ከ3 ሰከንድ በላይ አያቆዩአት።

6. ሲያስቀምጧት ወለሉ አጠገብ እስኪደርሱ ድረስ ዝቅ ይበሉ፤ መቀመጫዋን ቀድመው አሳርፈው አራቱም እግሮቿ ወለሉን እስኪረግጡ አይልቀቋት። ብዙ ጥንቸሎች የሚጎዱት በመነሳት ላይ ሳይሆን ወለሉን ሲያዩ ከክንድ ላይ ሲዘሉ ነው። ይህን ልማድ ያላት ከሆነ ፊቷን ወደ ደረትዎ አዙረው፣ በኋላዋ በኩል ያስቀምጧት።

7. ወዲያው ቅጠል ይስጧት።

ሕፃናት ጥንቸል እንዲያነሱ አይፍቀዱ። ልጁ ወለል ላይ ተቀምጦ እግሩን ይዘርጋ፤ ጥንቸሏ በራሷ ፈቃድ ከመጣች ይደባብሳት። ልጁ ቢያለቅስም ይህን ሕግ አያላሉ፤ ጥንቸሏ ስትንፈራገጥ ልጁ ደንግጦ ይለቃታልና።

7ኛ ደረጃ፦ ሳጥኑን መዝጋትና መጓዝ

ሳጥን ውስጥ ገብታ እየበላች ሳለ በሩን ለጥቂት ሰከንድ ዘግተው ይክፈቱ። ይህ ሲለመድ ወደ 5 ደቂቃ ያሳድጉ። ቀጥሎ ሳጥኑን ከሥሩ በሁለት እጅ ይዘው ጥቂት አንስተው ያስቀምጡ፤ በላይኛው መያዣ ማንጠልጠል ስለሚያወዛውዛት ያስፈራታል። ከዚያ በቤት ውስጥ ይዘዋት ይዙሩ፤ ቀጥሎ ቆሞ ባለ መኪና ውስጥ፣ በመጨረሻም አጭር መንገድ ይሂዱ።

በመኪና ሲጓዙ ሳጥኑን ከፊት ወንበር ጀርባ ወለሉ ላይ ያስቀምጡት፣ ወይም በወንበር ቀበቶ አጥብቀው ይሰሩት። በኋላ የዕቃ መጫኛ ውስጥ አያስገቡት። በባጃጅ የሚሄዱ ከሆነ ሳጥኑን ጭንዎ ላይ በሁለት እጅ ይያዙት፤ ከነፋስና ከግርግር ለመጠበቅም አየር የሚገባበትን ጎን ትተው በስስ ጨርቅ ይሸፍኑት። ሬዲዮ ያጥፉ። አብራት የምትኖር ጥንቸል ካለች ሁለቱንም አንድ ላይ ይውሰዱ፤ አንዷ ብቻዋን ሄዳ የሐኪም ቤት ሽታ ይዛ ስትመለስ ሌላዋ ላታውቃትና ልትጣላት ትችላለች።

ከጉዞ በፊት ምግብ አይከልክሏት። ጥንቸል ማስታወክ ስለማትችል፣ ለቀዶ ሕክምና እንኳ እንደ ውሻ እንድትጾም አይደረግም፤ ባዶ ሆድ ይልቁንም አንጀቷን ያቆመዋል። ድርቆሽ በሳጥኑ ውስጥ ይኑር።

ሙቀትን አይናቁ። ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጥንቸል መጨነቅ ትጀምራለች። በድሬዳዋ ወይም በአዋሽ መስመር የሚጓዙ ማለዳ ይውጡ። በዱባይ፣ በሪያድና በዶሃ የምትኖሩ ደግሞ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ፣ መኪናው አስቀድሞ ሳይቀዘቅዝ አታስገቧት፤ በቆመ መኪና ውስጥም ለአፍታ አትተዋት። በረዶ የሠራ የውሃ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ በሳጥኑ አንድ ጎን ማስቀመጥ ይረዳል። በአፏ የምትተነፍስ፣ የምታልክ ወይም የተዝለፈለፈች ከሆነ ጆሮዎቿን ለብ ባለ ውሃ አርጥበው ቶሎ ወደ ሐኪም ይድረሱ፤ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንከሯት።

ሥልጠናው ሳያልቅ ዛሬውኑ መንቀሳቀስ ግድ ሲሆን

በክፍሉ ውስጥ አያሯሯጧት። የካርቶን ግድግዳ በሁለት እጅ ይዘው ቦታውን እያጠበቡ፣ በሩ ወደ ተከፈተው ሳጥን ቀስ ብለው ይምሯት። ይህ ካልሆነ ፎጣውን ከጆሮዋ እስከ መቀመጫዋ ጣል ያድርጉባት፤ ጎንና ጎኑን ከሥሯ አስገብተው ፊቷ ብቻ እንዲታይ ይጠቅሏት፤ መቀመጫዋን ደግፈው ወደ ደረትዎ አስጠግተው፣ በኋላዋ በኩል ሳጥኑ ውስጥ ያስገቧት። አፍንጫዋ መሸፈን የለበትም። ሥራው በአንድ ጊዜና በእርጋታ ይለቅ፤ አሥር ጊዜ ሞክሮ መተው አንድ ጊዜ በአግባቡ ከመያዝ የበለጠ ያስፈራታል። በሚቀጥሉት ቀናት ወደ 3ኛው ደረጃ ይመለሱ።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

*በክንድዎ ላይ ሳለች ብትንፈራገጥ፦* ወዲያውኑ ተንበርከኩ፣ መቀመጫዋን ወደ ገላዎ ይጫኑ፣ ዓይኗን በክንድዎ ይጋርዱ። ለአፍታ ጸጥ ስትል ያስቀምጧት። ካልቆመች ግን አይታገሏት፤ እንደያዙ ወደ ወለሉ ያውርዷት። ከአጥንቷ የሚበልጥ ሥልጠና የለም።

*ብትነክስ፦* አይምቷት፣ አይጩኹባትም። አጭርና ከፍ ያለ የሕመም ድምፅ አሰምተው እጅዎን ያንሱ። በመኖሪያዋ ውስጥ ብቻ የምትነክስ ከሆነ ቤቷን እየጠበቀች ነው፤ ወጥታ ሳለች ብቻ ያሠልጥኗት፣ ቤቷንም እሷ በሌለችበት ያጽዱ።

*ሳጥኑን ብትጠላ፦* ያለፈ መጥፎ ትዝታ አለበት። የሚቻል ከሆነ መልኩ የተለየ ሌላ ሳጥን ይጠቀሙ፤ ካልሆነ በሙቅ ውሃ አጥበው፣ ክዳኑን ነቅለው፣ ታችኛውን ክፍል ብቻ እንደ መኝታ ይስጧትና 2ኛውን ደረጃ ከመጀመሪያው ይድገሙ።

*ከእጅ ብትወድቅ፦* ወዲያው ደግመው አያንሷት። ስትራመድ ይመልከቱ። የኋላ እግሮቿን የምትጎትት ወይም መነሳት ያልቻለች ከሆነ፣ ጠንካራ ካርቶን ወይም ጣውላ ከሥሯ አስገብተው ጀርባዋ ሳይታጠፍ ሳጥን ውስጥ አስገቧት፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ። በአዲስ አበባ ዙሪያ ለምትኖሩ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የሚገኘው በቢሾፍቱ ነው። በመኖሪያዎ አቅራቢያ ጥንቸል የሚያክም ሐኪም መኖሩን ግን አደጋ ሳይደርስ አስቀድመው አጣርተው ስልኩን ይያዙ፤ ውሻና ከብት የሚያክም ሁሉ ጥንቸል አያክምምና።

ከጉዞ ወይም ከከባድ ልምምድ በኋላ

ሳጥኑን መኖሪያዋ ውስጥ አስቀምጠው በሩን ይክፈቱና ይራቁ፤ ስትፈልግ ራሷ ትውጣ። ድርቆሽ፣ ውሃና የምትወደውን ቅጠል ያቅርቡላት፤ በዚያ ቀን ሌላ ልምምድ አይኑር። ጭንቀት የጥንቸልን አንጀት ሊያቆም ስለሚችል፣ መብላቷንና በጠጥ መጣሏን እስኪተኙ ድረስ ይከታተሉ፤ ጠዋትም ደግመው ይዩ። በጠጧ በቁጥር ካነሰ፣ በመጠን ከደቀቀ ወይም ሆዷ ከተነፋ፣ የምትወደውን ቅጠል እንኳ ከናቀች፣ ወይም ለ12 ሰዓታት ያህል ምንም ካልበላች፣ እስኪነጋ ወይም ቅዳሜና እሑድ እስኪያልፍ አይጠብቁ፤ ይህ በሰዓታት ውስጥ ሊገድላት የሚችል ድንገተኛ ሕመም ነው።